በፍልሰታ ያልተቀበልኩት ስለት

እታለም ጣይቱ ሆይ፣

ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ፣ ደነባን አልፋ፣ ሳትጠፋና ሳትንገላታ እጅሽ ትግባ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ትንሽ ተሻለሽ ወይ? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል፣ የቤቱ ክዳን አያፈስም? ልጅሽ ሰናይት አደገች? ባለቤትሽ ግዛቸው ከሚሊሺያ ዘመቻው ተመለሰ ወይስ እስከ ዛሬ ዓይንሽ መንገድ መንገዱን እንዳየ ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በልቤም ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረሽ በገዛ እጅሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ በግንቦት መጨረሻ ደረሰኝ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፣ መስመሩም እንደ ቁልቁለት መንገድ ወደ ታች ወርዷል፤ እኔ ግን ከዚያ በላይ የሚያምር ጽሕፈት አላየሁም። እስከ ዛሬ ደብዳቤ የማላበዛልሽ ወረቀቴን ሁሉ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ጌጡ ስለሚያነብልሽ ነበር። ሰላምታ በሰው አፍ ይደርሳል፤ የሆድ ነገር ግን አይደርስም። አሁን ራስሽ ታነቢያለሽና ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። መንገድ ላይ የሚከፍታት ቢኖርም የመንግሥት ነገር የለባትም፤ የሴቶች ነገር ናት።

የምነግርሽ ስለ አንዲት ህንዳዊት አሮጊት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አረፉ። ከአዲስ አበባ ይዘውኝ የመጡት ጣሊያኖች ወደ ሰሜን ሲሄዱ እኔ ሮም ቀርቼ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ የምሠራው ህንዳዊ ቤት ነው። ጌታዬ ሲኞር ቬሉ ፋኦ በሚሉት የዓለም የእርሻ ድርጅት የአፈር ምሁር ነው። ሚስቱ ሲኞራ ሳሮጃ ትባላለች፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቱ ሲሞቱ መሬቱን ሸጦ እናቱን፣ እማማ ካሩፓዪን፣ ከመንደራቸው አመጣቸው። እሳቸው ጣሊያንኛ አያውቁም፣ እኔ የእሳቸውን ቋንቋ አላውቅም። በእጅና በዓይን ነበር የምንነጋገረው።

የመጡ ዕለት በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ፊቴን ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባም ሆነ ሮም፣ ሰው አንዴ ያየኝና ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል። እማማ ካሩፓዪ ግን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እግሬን ነኩና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ወሰዱ። እሳት እንደነካው ሰው ዘልዬ ወደ ኋላ አልኩ። ሲኞራ ሳሮጃ አፈረችና «ስኩዚ፣ ይቅርታ ካሳነሽ፣ የባላገር ነገር ነው፤ በእሳቸው አገር ፈንጣጣ የወጣበትን ሰው እናታችን ነክታዋለች ይላሉ» አለችኝ።

ያቺ «እናታችን» የሚሏት ማን እንደሆነች ቀስ በቀስ ከሲኞራ ሰማሁ። እማማ ካሩፓዪ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመው «ማሪያማ፣ ማሪያማ» ሲሉ መጀመሪያ የእኛን እመቤት የሚጠሩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አይደለም። ማሪያማ የመንደራቸው አምላክ ናት። በከተማ እንዳሉት አማልክት የተሠራ መቅደስ የላትም፤ ከመንደሩ ዳር፣ ቅጠሉ መራራ ከሆነ ዛፍ ሥር ያለች ፊት የሌላት ጥቁር ድንጋይ ናት። ሴቶቹ እርድ በውሃ በጥብጠው ይቀቧታል። የሚያገለግላትም የተማረ ካህን ሳይሆን ሸክላ ሠሪው ነው። ዝናቡም የእሷ ነው፣ ፈንጣጣውም የእሷ ነው። ፈንጣጣ ቤት ሲገባ «በሽታ ገባ» አይሉም፤ «እናት መጣች» ነው የሚሉት። የታመመውን በዚያ ቅጠል ላይ ያስተኙታል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጩታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ክቡር እንግዳ ያስተናግዱታል። ይህን የሰማሁ ቀን እህል አልወርድልሽ ብሎኝ ዋለ።

እማማ ካሩፓዪ የዚህች እናት ባለስለት ነበሩ። ሲኞር ቬሉ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ እሱና ሁለት እህቶቹ ባንድ ሳምንት በፈንጣጣ ወደቁ። ሴቶቹ ሞቱ። ያን ጊዜ እናትየው «ይህን አንዱን ተይልኝና ዕድሜዬን ሙሉ አበላሻለሁ» ብለው ተሳሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በሙቀቱ ወር፣ የዳጉሳ አጥሚት በእርጎ በጥብጠው፣ በሸክላ አድርገው፣ በባዶ እግራቸው ተሸክመው ከውሃው ጉድጓድ እስከ ድንጋዩ ይሄዱ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይከተላቸዋል፤ ለማሪያማ ከተፈሰሰላት የተረፈውን ሕዝቡ ይጠጣዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ጊዜ አላቋረጡም። ሮም ከመጡ ግን ሁለት ዓመት አለፋቸው።

ባለፈው ግንቦት ሲኞር ቬሉ ጋዜጣ ይዞ ገባ። ፈንጣጣ ከመላው ዓለም ጠፋ ተብሎ ታውጇል። እናቱ ፊት ዘርግቶ ብዙ አወራቸው፤ ሲኞራ ወደ ወጥ ቤት መጥታ ተረጎመችልኝ። «በሽታው የለም፣ ስለትሽም አለቀ፤ ከእንግዲህ አገር ቤት ካልሄድኩ እያልሽ አታስጨንቂኝ» ነው ያላቸው። ሐኪሙም ልባቸው ደካማ ስለሆነ አውሮፕላን አይችሉም ብሏል። እሳቸው ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት። «አሁን ሁሉም ሊተዋት ነው፤ ታዲያ ማን ያበላታል አሉ» ብላኝ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወቱን አየሁ። ለካ ከእንግዲህ እንደ እኔ ያለ ፊት አይፈጠርም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ምነው እንደ ከፋኝ አላውቅም።

በነሐሴ ሮም ባዶ ናት፤ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ሰው ወደ ባሕር ይሄዳል። ሲኞር ቬሉ ለሥራ ማሊ ሄደ። ሲኞራም ልጆቿን ይዛ ለወንድሟ ሠርግ ወደ ሎንዶን በረረች። እኔና እማማ ካሩፓዪ ብቻችንን ቀረን። ነሐሴ አራት ቀን፣ ፍልሰታን በጀመርን በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ከበረንዳው የአበባ ሸክላ አውጥተው ሲያጥቡ አየኋቸው። ዳጉሳ ከየት ይምጣ፤ ፖሌንታ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለወሱና እርጎ ጨመሩበት። እርድም በጥብጠዋል። ከዚያ እጄን ይዘው ሳሎን አስገቡኝ። ወንበሩን በጣታቸው አሳይተው «ኩዊ» አሉኝ፤ እዚህ ማለታቸው ነው። ቀጥለው ጉንጬን፣ ጠባሳዬን ዳሰሱና «ማሪያማ» አሉ። ገባኝ። በድንጋዩ ፋንታ እንድቀመጥላቸው ነበር። እግሬን አጥበው ስለታቸውን ለእኔ ሊያገቡ።

ደነገጥኩ። ልክ በሌላ ክፍል ሥራ እንዳለኝ ሆኜ ወጣሁና ለጓደኛዬ ለተብለጽ ስልክ ደወልኩ። እሷ ቶር ፒኛታራ የምትኖር የአሥመራ ልጅ ናት፤ የሠራተኛ እረፍቴን ከእሷ ጋር ነው የማሳልፈው። «አንቺ፣ ልትመለኪ ነው? በእመቤታችን ጾም ጣዖት ልትሆኚ ነው? ውጪ ከዚያ ቤት!» ብላ ጮኸችብኝ። ተመልሼ ሄድኩና ማተቤን ከአንገቴ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እማማ ካሩፓዪ ማተቡን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሳሙ። አልተቆጡም፣ አልለመኑኝም። ሸክላውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እታለም፣ ቢቆጡኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ዳቦ ፍለጋ ወጣሁ። አቅራቢያችን ያለው ሁሉ ዝግ ስለነበር እስከ ሳን ጆቫኒ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሳቸውም የሉም፣ ሸክላውም የለም፤ ጫማቸው ግን ከደጁ ተቀምጧል። ከበረንዳችን ማዶ ካፋሬላ የሚባል በግ የሚሰማራበት ሜዳ ስላለ፣ ሁልጊዜም ወደዚያ ስለሚያዩ፣ ወደዚያው ሮጥኩ። ቀትር ነበር። አስፋልቱ ቀልጦ ከጫማዬ ሥር ይጣበቃል።

አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ከጥንት ፍርስራሽ የወደቀ ድንጋይ በእርድ ቀብተው፣ ከራሳቸው ነጠላ ቀደው አልብሰውት፣ አጠገቡ ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ እረኛ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። «ሲኞራዋ አብልታኛለች፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን በእጇ ስትሰጠኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም» አለኝ። የማያውቃቸው በግ ጠባቂ ያልቻለውን እኔ ትናንት ችዬው ነበር። እማማ ካሩፓዪ ሲያዩኝ ፈገግ ብለው ከሸክላው ሥር የቀረችውን በቅጠል ዘርግተው ሰጡኝ። እርጎ አለበት፤ ጾም ነው። ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩት። እዚያም አልበላሁላቸውም።

ከዚያ እግራቸውን አየሁ። ውስጥ እግራቸው በሙሉ ውሃ ቋጥሯል። እኔና እረኛው ተሸክመን አመጣናቸው። ማታውን ትኩሳት ያዛቸው፣ ትንፋሽም አጠራቸው፤ አምቡላንስ ጠርቼ ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ቀን ከአልጋቸው ሥር አልተለየሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ በእጄ ነገርኳቸው። ወንበር ላይ እንደምቀመጥ፣ እግሬን እንደምሰጣቸው፣ ቤት እንደገባን አጥሚቱን እንደገና እንደምንሠራ። ገብቷቸዋል። እጃቸውን አንስተው ጠባሳዬን አንድ በአንድ እንደሚቆጥር ሰው ዳሰሱና፣ ከእኔ በለመዷት ጣሊያንኛ «ፊኒቶ» አሉኝ። አልቋል ማለት ነው። ቀትር ሳይሆን ሞቱ።

ሲኞር ቬሉ ሬሳ ሆነው ደረሰባቸው። ማታውን ወጥ ቤት ገባና ሁሉንም ጠየቀኝ። እኔም አልደበቅኩትም፤ ወንበሩንም፣ እምቢ ማለቴንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጉዞ ለመነችኝ» አለ። ሬሳውን ይዞ አገሩ ሄዷል። ሲኞራም ትከተለዋለች፤ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ይለቀቃል። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ በእነሱ ስም ስለሆነ ሌላ ጌታ ካላገኘሁ ምን እንደምሆን አላውቅም። ለጊዜው ተብለጽ ጋ እገባለሁ። ያን ቀን ተቀምጬ ቢሆን ኃጢአት ይሆንብኝ እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። የምናዘዝለት አባት እዚህ የለኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በደብዳቤሽ መጨረሻ «ምን በድዬሽ ነው የራቅሽኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እመልስልሻለሁ። እኔና ታናሻችን አምኃ ፈንጣጣ ሲወጣብን አባታችን ከወንዙ ማዶ ጎጆ ቀልሶ ከተተን። እናታችን፣ ነፍሷን ይማር፣ አራስ ስለነበረች አንቺ ነበርሽ ምግብ የምታመጪልን፤ ከእሾህ አጥሩ ወዲያ ቆመሽ በረጅም እንጨት ትገፊልን ነበር። አምኃ የሞተ ጠዋት ስሜን ጠርተሽ ስትመጪ «አምኃ አይነሳም፣ ነይ ግቢ» ብዬ ጮህኩልሽ። የነጠላሽን ጫፍ ነክሰሽ አየሽኝ። ከዚያ ምግቡን ጥለሽ ሮጥሽ። ሰዎች የመጡት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝንቡን ከፊቱ በእጄ ስከለክል ዋልኩ።

ሃያ ስምንት ዓመት ያንን ሩጫሽን ይዤብሽ ኖርኩ። አዲስ አበባ የሄድኩትም፣ ባሕር የተሻገርኩትም፣ ከፊቴ ይልቅ ከአንቺ ለመራቅ ነበር። አሁን ግን ሳስበው አንቺ ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ብትገቢ ትሞቺ ነበር። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ የሚይዘኝ በሽታ ሳይኖር፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ፈራሁ። በየቀኑም ያንን ሁሉ መንገድ ምግብ ይዘሽ መምጣትሽን አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም። ይቅር በይኝ፣ እታለም። ይቅር ብዬሻለሁ ለማለት እንኳ አፌ አይደፍርም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አምኃ የት እንደተቀበረ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከጎጆው ስወጣ እናታችንን ብጠይቃት ፊቷን አዞረች፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም። በፈንጣጣ የሞተ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ነበርና ሜዳ ላይ ይሆናል። አንቺ ታውቂያለሽ። በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ በእጅሽ ጻፊልኝ። ፊደሉ ቢበላሽብሽም ግድ የለም፤ አነበዋለሁ።

ሰናይትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ግዛቸው በደህና ከገባ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ካልገባም እመቤታችን ታግባልሽ። ለአክስታችን ለእማማ አሰለፈች ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ለጌጡም፣ እስከ ዛሬ ስላነበበልን፣ እግዜር ይስጥልን በይው። ተብለጽ ባታውቂያትም ሰላም ብላሻለች።

ታናሽሽ ካሳነሽ

ሮም፣ ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.