የፋዲላን መጥበሻ ስለረገጠው የጤና ዘመቻ

ለተከበሩት የከተማችን የምግብ ቁጥጥር ኃላፊ፣
ሸዋ ሮቢት

አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ የሮቢት ፀሐይም የቢሮዎን መጋረጃ አልፋ አታግኝዎት እያልኩ፣ እኔ ከሮቢት ደብረ ብርሃን ሚኒባስ የምነዳው አብዱልሃዲ፣ የሳምቡሳ ነጋዴዋ የፋዲላ ባል፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። ባለቤቴ አብራኝ እጅ ያልነሳችው ንቃዎት ሳይሆን ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ በፋሻ ስለተጠቀለለ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዘመቻዎ ላመስግንዎ። ትራንስ ፋት የሚባለው ነገር ልብ እንደሚገድል፣ እሱም በፋብሪካ እንዲረጋ በተደረገ ዘይት ውስጥ እንደሚገኝ፣ ስለዚህ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብስ ሁሉ ዘይቱን እንዲቀይር መናኸሪያው በር ላይ በድምፅ ማጉያ ሲያስለፍፉ ሌላው ነጋዴ ሳቀ፤ የእኔዋ ሞኝ ግን አመነችዎ። እኔ ከጣርማ በር ወዲያ ከደጋው በማመጣላት ኑግ ዘይት እያስጨመቀች፣ ትርፏ ሲሳሳ እያየች፣ የሕዝቡ ልብ ይበልጣል ብላ በእሱ መጥበስ ጀመረች። ጥብስ ለማይስማማው ሰውም የማሾ ንፍሮ በጎን አቀረበች። እርስዎን የሰማ ሰው በሮቢት ካለ እሷ ብቻ ናት።

ሁለተኛ፣ የተቆጣጣሪዎችዎን ዓይን ሳላደንቅ አላልፍም። የረጋ ዘይት ያዙ፣ የጠቆረ ዘይት ድፉ ብለው እንደላኳቸው ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ፣ በእኛ ሙቀት እንኳን ዘይት ሰውም አይረጋም። አጠገቧ የሚጠብሰው የጎረቤቷ የአቶ ለማ የሚረጋ ዘይት በፀሐዩ ቀልጦ ጥርት ብሎ ስላገኙት አመስግነውት አለፉ፤ ያንኑ ዘይት ጭኜ ጣርማ በር ብወጣ እንደ ሻማ ደርቆ ነው የማገኘው። የኑግ ዘይት ግን ሲፈጠርም ጠቆር ያለ ነው፤ ይህን የሚያውቅ አንድ እናት ያሳደገችው ሰው ከመካከላቸው ጠፍቶ፣ የተቃጠለ ዘይት ነው ተባለ። ዛሬ የከፈትኩት ነው ብላ ጀሪካኑን አሳየች፤ ቅመሱት አለች፤ ቢቸግራት እሳቱን እንኳ ላጥፋ ብላ ለመነች። ሀብታሙ የተባለው ደንብ አስከባሪዎ የሚንተከተከውን መጥበሻ በጫማው ረገጠው። ልጃችን ሂዳያ አጠገቧ ተቀምጣ ስለነበር ፋዲላ እጇን የዘረጋችው እሷን ለመከለል ነው። ቆዳዋ ከእጅጌዋ ጋር ተገፎ ወጣ። በጩኸቷ ከመናኸሪያው ሮጬ ስደርስ ሌላኛው ሰውዎ መሬት የወደቀችውን ሴት ተነሽ እያለ ጀርባዋን በዱላ ይወግራት ነበር። የዚያን ሰው ጥርስ እዚያው አፈር ላይ አስቀርቻለሁ፤ አልጸጸትም፤ ሰው ባይዘኝ ኖሮ ነፍሱንም አስቀርላት ነበር። ስለዚህ ጉዳይ በጣቢያ ስላሳደሩኝም አመሰግናለሁ፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለለጠፉት ወረቀት ላንሣ። ቁስሉ ይደርቃል፣ ጣቶቿ መታጠፋቸውን ግን እንጃ ብሎናል ሐኪሙ። ይህንንስ ከአላህ ነው ብለን ችለነው ነበር። እርስዎ ግን ፎቶዋን አሳትመው፣ ከሥሩ «ሕዝብን በተቃጠለ ዘይት የምትመርዝ» ብለው ጽፈው፣ መናኸሪያው በር ላይ ለጠፉልን። ለጎረቤት ሰደቃ የላክነው ሳህን ሳይነካ ተመለሰ። ያን ቀን ፋዲላ ለእጇ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ አጥሩን ነቅለው ባለቤቱን አነደዱበት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ወረቀት በለጠፈው እጅ ይነሣ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያም የፋዲላ ዘይት ንጹሕ የኑግ ዘይት እንደነበረ ይነገር። እስከ ጁምዓ ካልተነሣ እኔው ራሴ አነሣዋለሁ፤ ያን ጊዜ በእኔና በግድግዳው መካከል ለሚቆም ሰው ከወዲሁ ጤና እመኝለታለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ አላህ ልብዎን ከሚረጋ ዘይት እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ፤ ከዚያ ሌላ ልብዎን የሚነካ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ክፉኛ አክባሪዎ፣
አብዱልሃዲ

ሳልረሳው፦ ሀብታሙ እናቱን እትዬ ከበቡሽን ይዞ ቤታችን መጥቶ ነበር። ፋዲላ እግር ላይ ወድቆ አፉ በይኝ አላት፤ እሷም አፉ አለችው። ሊወጣ ሲል ግን እሳቱን እስካጠፋ ለምን አልታገስክም ብላ ጠየቀችው። ያልታገሡት መንገዱ ዳር በቆመው መኪናዎ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት እርስዎ እንደሆኑ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ርገጠው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?» ብለው፣ ሙቀት እንዳይገባ መልሰው እንደዘጉት ነገራት። እርስዎም እናት ካለዎት ይዘዋት ይምጡ፤ በራችን ክፍት ነው።