የወፍጮ ቤቷ ጭምት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን ቻለልሽ ወይስ ዛሬም ሁለት ወጥቶ አንዴ ማረፍ ነው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ያልኩት ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው እንጂ እንደሱ አይደለንም። እማማ በጤናዋ ናት፤ ወፍጮውም ይፈጫል። የከፋን ሌላ ነገር ነው፤ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ለልጄ ለጭምቷ መዋዕለ ሕፃናት ስመርጥ ግድግዳና ወንበሩን ትቼ አስተማሪዋ ልጆቹን እንዴት እንደምትጠራ እንዳይ መክረሽኝ ነበር። ምክርሽን ይዤ ልጄን አስከትዬ ሄድኩ። እዚህ ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከትልቁ ትምህርት ቤት ጀርባ ነው፤ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ ፊደል በጩኸት ይደግማል። ሌላውን የልብስ ሰፊው ልጅ በገበሬ ማኅበሩ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ከፍታዋለች። ሃያ ልጅ ብቻ ነው ያላት፤ ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፋ በጠርሙስ ክዳን ቁጥር ታስተምራቸዋለች። ልቤ ወደዚህኛው አደላ።

ስንደርስ ልጆቹ ጓሮ ይጫወቱ ነበር፤ ጭምቷም ተቀላቀለች። ትንሽ ቆይታ አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን በስሙ ትጠራ ጀመር፤ የተጠራው እየሮጠ ይገባል። አጠራሯ ሁሉንም አምጣ የወለደቻቸው ያስመስላታል። እታለም ያለችው ይሄንን ነው ብዬ ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ ስሟን ጠይቃኝ የእኔን ልጅ ጠራች። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ክዳን ትደረድር ነበር። ደግማ ጠራቻት፤ ሠለሰች። አፍራ ነው አልኩ። ሴትዮዋ ከኋላዋ ሄዳ እጇን አጨበጨበች። ልጄ ክዳኗን መደርደሯን ቀጠለች።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ እነሱም ወደ ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሙ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ እንዴት አላወቃችሁም አለኝ። ለእሱ ምን ብዬ ላስረዳው? አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ሞተሩ ከተነሳ ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚናገረው እጅ ነው። ጣት ካሸን ዱቄቱ ይድቀቅ ነው፣ ጡጫ ካሳየን ሞተሩን አጥፋ ነው፣ መዳፍ ጉንጭ ላይ ከሆነ ሂጂና ተኚ ነው። ልጄ በዚህ አደገች። ቤትም ገብተን ልማድ ሆኖብን በእጅ እናዛታለን፤ እሷም እሺ ትላለች። አፏን አለመፍታቷን እማማ፣ አባቷም ዘግይቶ ነው የተናገረው ብላ አለፈችው። መንደሩ ጭምት ብሎ ስም አወጣላት፤ እኛም በየሄድንበት ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ እየተባልን ኮራን። በጉዳቷ ተሞገስን፣ እታለም፤ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የወፍጮው ጩኸት ይሆን እንዴ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄው አይደለም ብሎኛል። ቢሆንም ሞተሩን ባስነሳሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

የልብስ ሰፊው ልጅ እኔው ልያዛት፣ ከፊት አስቀምጣታለሁ አለች። ባለቤቴም ከዓይኔ አትራቅብኝ ብላ አለቀሰች፤ አስገባናት። በሳምንቱ ሄጄ በመስኮት አየኋት። ሌሎቹ ይዘምራሉ፤ እሷ አፋቸውን እያየች አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ይህን ለባለቤቴ ከነገርኳት ወዲህ ከዓይኔ አትራቅ ማለቱን ትታዋለች።

መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የተከፈተው ትምህርት ቤት ያለው እናንተ ከተማ ነው። ማደሪያ ግን የለውም። እንግዲህ ምን ልልሽ እንደሆነ ገብቶሻል። ቤትሽ ጠባብ ነው፣ ጉልበትሽም ያውልሽ፤ አይሆንም ብትዪኝ አልቀየምሽም። ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ልጄ ጠማኝ ስትል የሚገባው ከአንቺ በቀር ማን አለ? አንቺ የወፍጮ ቤት ልጅ ነሽ፤ እጅሽ አልረሳም።

ባለቤትሽን አክብሬ ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እማማ ሰላም ብላሻለች፤ ጨዋ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፏ አልሰማሁም። ባለቤቴም ሰላም ትልሻለች፤ የልጅቷን ልብስ አጥፋ ትጨርስና መልሳ ትዘረጋዋለች።

ጭምቷም ሰላም ትልሻለች። ትናንት መንገዱን፣ መኪናውን፣ አንቺን በእጄ አሳየኋት፤ ገባት። ከዚያ እኔን ጠቁማ፣ አጠገቧ ያለውን መሬት መታ መታ አደረገች። ተመልሼ እመጣለሁ ልላት እጄን አነሳሁና አየር ላይ ቀረ። የቆይ ምልክት አለን፣ የጨምር አለን፣ የበቃ አለን፤ እመለሳለሁ የሚል ምልክት ግን የለንም። አንቺም ስትሄጂ እመለሳለሁ ያልሽን ሞተሩን አጥፍተን፣ በአፍሽ ነው።

ወንድምሽ
ከወፍጮ ቤቱ፣ ነሐሴ 18 ቀን