ጉብታው ላይ የተቀመጡት ኛኪየር

ኢታንግ፣ ጥር 20 ቀን 1978

ውድ ጽጌ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔን ሙቀቱና ሐሳቡ አላስቀምጥ ብለውኛል።

የጥንት መቃብር ጉብታዎችን ልመዘግብ መጥቼ፣ ትናንት አንዱ ጋ ስደርስ ለጥጥ እርሻ መሬት የሚጠርገው ዶዘር ቀድሞኝ ጠርዙን ገምሶታል። አጥንትና የሸክላ ስብርባሪ ከአፈሩ ጋር ተገልብጧል። ኛኪየር የሚባሉ የመንደሩ ባልቴት ጉብታው ላይ ወጥተው ቁጭ ብለዋል።

ከተማ የሚባለው ዶዘር ነጂ፣ "እናቴ፣ የተቀበረው ዘመድዎ ነው?" አላቸው።

"አላውቀውም። ግን ሰው ነው" አሉት።

እኛ አገር ቢሆን "የግራኝ ዘመን ነው" ብለን እናልፈው ነበር። አፈርኩና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከተማም ይህን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። "ቅርስ ነው የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጣ። እስከሚመጣው ዓርብ በሌላው በኩል እጠርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አለቃዬን አልችለውም" አለኝ።

ይህን ፖስታ ካርድ ነገ በአውሮፕላን ወደ እናንተ ለምትመጣ ነርስ እሰጣታለሁ። እባክሽ እንደደረሰሽ የምሠራበት የቅርስ መሥሪያ ቤት ሄደሽ ደብዳቤውን አስጽፊልኝ፤ ካላስፈረምሽ አትውጪ።

ለእማማ እሙዬና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ቦታው ጠበበኝ። ዛሬ ጠዋት ወደ ጉብታው ስሄድ ሦስት ሴቶች ከኛኪየር ጋር ተቀምጠዋል።

ወንድምሽ ተሰማ