ሃምሳው ወይስ ሁለት መቶው

መጋቢት 12፣ ሚካኤል። ጧት 1 ሰዓት

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፤ ቁልፉ ሲበጠስም ራሴ እሰፋለሁ። ከቤቴ እስከ ፋሲል ግቢ ሳላርፍ እወጣለሁ። አንዴ ብቻ አርፋለሁ፣ እሱም ሰው ሰላም ለማለት ነው። ቀኝ ክንዴ ከትከሻ በላይ አይነሳም። ግራው ይነሳል። ይበቃል።

አንተ ደብተር፣ ከቄስ ት/ቤት ዳዊት ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፊደል ብስት አትሳቅ።

የጉዞው ወረቀት ዛሬ መጣ። ኢየሩሳሌም። ለሆሳዕና እዚያ ነን፤ ፋሲካን ውለን እንመለሳለን። አዘጋጁ አንድ የእጅ ቦርሳ፣ ሰባት ኪሎ ብቻ ብሏል። በሶ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ዳዊት አለ፣ የደም ግፊት ኪኒን አለ። ለካሜራዋ የተረፈው ቦታ ለአንድ ሌንስ ነው። ልጄ ጥሩዬ ከአዘዞ ደወለች። ሌንስ ምናምን ተወው፣ በስልክ ታነሳለህ አለችኝ። ስልክ! ሃምሳ ዓመት ፎቶ ያነሳሁ ሰው! ዘጋሁባት።

ሁለቱም ሌንሶች አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ሃምሳው አጭር፣ የቡጢ ያህል። ከሰው ፊት ሁለት እርምጃ ካልቆምህ አይሆንልህም። ሁለት መቶው ረጅም፣ ከባድ። በጥምቀት ከባሕሩ ማዶ ቆሜ የቄሱን ጢም እቆጥርበት ነበር። ሃምሳውን የያዘ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለት መቶውን የያዘ አይጠይቅም።

ሦስቴ አነሳሁ፣ ሦስቴ አስቀመጥሁ። ጾም ባይሆን ቁርስ እረሳ ነበር።

መጋቢት 14። ከሰዓት

ጠዳ ውዬ መጣሁ። ታላቅ እህቴ እትዬ ስንዱ አልጋ ከያዘች ስምንት ወሯ። ወገቧ ነው። ዓይኗ ይሠራል፣ ምላሷም ይሠራል።

የምትለው ያው ነው። ብርቄን አሳየኝ። ብርቄ የሁላችን ታናሽ። እናታችን ስትሞት ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች፤ እትዬ ናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት። በሃያ ሁለት ዓመቷ መነነች። ቆብ ጫነች፣ ኋላም ኢየሩሳሌም ወረደች። ሠላሳ ስምንት ዓመት። አሁን እማሆይ ነው የምላት። ታናሼ ናት፣ አንቱ እላታለሁ።

ቤታችን ውስጥ አንድ ፎቶዋ የለም። እትዬ ዛሬም አልማረችኝም፦ «የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ስታነሳ ኖረህ የእህትህን ፊት አቃጠልህብኝ! ያችን ፊልም ያቃጠልህ አንተ፣ አምጪውም አንተ። ሳላያት አልሞትም ብያለሁ። ቶሎ በል እንግዲህ፣ እኔም ደክሞኛል።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጫማዬን ፈለግሁ፣ ወጣሁ። የፊልሙን ነገር ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ። ዛሬ አይደለም።

መጋቢት 17። ጧት 3 ሰዓት

እማሆይ ተገኙ። የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የሌላዋን መነኩሲት ተውሰው ነው። መምጣቴን ሲሰሙ አለቀሱ። ገዳሙን፣ ደረጃውን፣ ብርዱን ነገሩኝ። ከዚያ የፎቶውን ነገር አነሳሁ። እትዬ ልታይዎት ትፈልጋለች፣ አንዲት ብቻ አልሁ።

እምቢ። በለሆሳስ፣ ግን እምቢ። «አያ ይርጋ፣ እኔ እኮ ፍትሐት ተፈትቶልኛል። የሞተ ሰው ምን ፎቶ አለው?» እውነታቸውን ነው። ሲመነኩሱ እንደ ሬሳ ሸፍነው ፍትሐት ይደርሱባቸዋል። ለዓለም ሞተዋል። ይህን የማላውቅ መስዬ ለመንሁ።

ከዚያ የመጣው ነው የገደለኝ። «ደግሞስ ያኔ ያነሳኸኝ አለ አይደል? እሱን እያያችሁ ጸልዩልኝ።» እትዬ የፊልሙን መቃጠል ነግራቸው አታውቅም፣ እንዳያዝኑ ብላ። እኔስ? አዎ አለ አልሁ። አዎ! ምላሴ ይቆረጥ።

ተወሰነ። ሁለት መቶው። ለሆሳዕና ዘንባባ ይዘው ሲዞሩ ከአንድ ግንብ ሥር እቆማለሁ። አታየኝም። አንድ ጠቅ። ከእሷ ምን ይጎድላል? እትዬም አየች። ማን ተጎዳ?

11 ሰዓት። አልተወሰነም።

መጋቢት 19፣ ገብርኤል

ልጻፈው። ሲወጋኝ ከሚከርም።

ፊልሙ አልተቃጠለም። ፊልም አልነበረም።

ያኔ ፊልም እንደ ወርቅ ነው። ያለችኝን አንዲት ጥቅል ለማግሥቱ የአዘዞ ሠርግ አስቀምጫለሁ። ካሜራው ባዶ። እኛ ፎቶ አንሺዎች አንድ ዘዴ ነበረን። ሕፃናት ሲያስቸግሩን፣ ሰካራም አንሳኝ እያለ ሲጨቀጭቀን፣ ባዶውን ጠቅ እናደርግላቸዋለን። ፍላሹ ይበራል፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ፎቶው ሲጠየቅ ተቃጠለ ነው። በጥምቀት ቀን ስንት ሰው ላይ አድርጌዋለሁ።

ብርቄ ወደ ገዳም የምትሄድበት ዋዜማ። አያ፣ አንድ አንሳኝ፣ ለእትዬ ይቅርላት አለች። ማግሥት ሙሽራ አለ፣ ቀብድ በልቻለሁ። እምቢ ማለት አፈርሁ። ግድግዳ አስደግፌ አቆምኋት። ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች። ጠቅ። ዓይኔን ጨፈንሁ እንዴ አለች። የለም፣ ሸጋ ሆነሻል አልኋት።

ሸጋ ሆናም ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሙሽራይቱን በማግሥቱ ሠላሳ ስድስት ጊዜ አነሳኋት። ዓመት ሳይሞላቸው ተፋቱ።

መጋቢት 22። ከሰዓት

ሁለት መቶውን ልፈትን ወለቃ ወጣሁ። እሱን ብቻ አንጠልጥዬ። አንዲት ሸክላ ሠሪ መንገድ ዳር እቃዋን ደርድራለች። እኔ ከማዶ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር። ክንዴ አልያዘልኝም። ግራውን ከታች ደገፍሁ፣ ትንፋሼን ዋጥሁ። ጠቅ፣ ደበዘዘ። ጠቅ፣ ደበዘዘ። አምስተኛው ላይ ጠራ። ሳየው ሴትዮዋ በቀጥታ እኔን ታፈጣለች።

ጮኸች። «አያ! ምነው ከዛፍ ሥር የሚያደቡ? ሌባ መስለውኝ ውሻ ልፈታ ነበር!»

ተሻገርሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ፎቶውን አሳየኋት። አየችው፣ አየችኝ። «ይቺ እኔ ነኝ? ይቺማ ከጎረቤት የተጣላች ናት። ቀርበው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? እሳቅልዎ ነበር።»

በይ አሁን ሳቂ አልሁ። ሳቀች። ሌንሱ በቅርብ አይዝም። ወደ ኋላ ሄድሁ፣ አልበቃም። ደግሞ ወደ ኋላ። አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ሚኒባሱ ጥሩንባውን ነፋብኝ፣ ሾፌሩ ሰደበኝ። ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ፣ «አያ ይምጡ፣ ለአንዲት ፎቶ እንዳያልቁብኝ!»

ባዶ እጄን ወረድሁ። መንገድ ሙሉ ተናደድሁ። በሷ አይደለም።

መጋቢት 25። 5 ሰዓት

ጥሩዬ ሚዛን ይዛ መጣች። ቦርሳዬን ሰቀለችው። ዘጠኝ ኪሎ። ሁለት መቶውን አወጣች። መልሼ አስገባሁ፣ በሶውን አወጣሁ። «አባዬ፣ ሌንስ በጥብጠህ ልትጠጣ ነው?» አለች። ቀጥላም ክንድህ አይችለውም፣ ትወድቃለህ፣ እኔ አጠገብህ የለሁ፣ አለች። እናቴ መሰለች። ጮኽሁባት። ቤቴ ነው፣ ክንዴ ነው፣ መንገዴ ነው አልኋት። ሌላም አልሁ፣ አልጽፈውም። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም።

ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። ሚዛኑን ረስታዋለች።

ብቻዬን ሃምሳውን መዘንሁት። ሁለት መቶውን መዘንሁት። ደግሞ ሃምሳውን። ኪሎውን መች አጣሁት።

መጋቢት 27፣ መድኃኔ ዓለም

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ይቅር አስብሎ ነው የሚሳለመው፤ ያባቶች ሥርዓት ነው። አባ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሱኛል፣ ልጄ ይሉኛል። አንጀቴ እያረረ እሰማለሁ።

ሁሉን ነገርኋቸው። ባዶውን ካሜራ፣ ውሸቱን፣ አዎ ማለቴን። ጥሩ። ተንበርከክ ሊሉ ሲሉ ግንብ ሥር ልቆም ያሰብሁትን ጨመርሁ። መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«ልትሰርቅ ሻንጣ እያሰርህ ምን ንስሐ አለ ልጄ?»

ፊት እንዴት ይሰረቃል ልል ነበር። የወለቃዋ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፣ ተውሁት።

ለታላቅ እህትህ ሽማግሌ ልላክልህ አሉ። የለም አልሁ። የዋሸው የእኔ አፍ ነው፤ ሰው ተከራይቼ አላስመልሰውም። «እንግዲያ ዛሬ ነገ አትበል። ሌላም ካለብህ አስበህ ጻፈው» አሉኝ። የጻፍሁትን ማንበብ መቻሌን ግን አልጠየቁም።

መጋቢት 28። ጠዳ ደርሼ ተመልሼ

ነገርኋት።

ሰው እስኪወጣ ጠበቅሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥሁ። አጎንብሼ ነው የነገርኋት፣ ፊቷን ማየት አልቻልሁም። ፊልም አልነበረም እትዬ። ጠቅ ያልሁት ባዶውን ነው።

ጎረቤት ሲፈልጥ ይሰማል፣ ፍልጡን ቆጠርሁ። ከዚያ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ያንን ፊልም ስረግመው!» አለች። «ምስኪን ፊልም። አንተን ነበር የምረግም!»

እየሳቀች መስሎኝ ቀና አልሁ። እያለቀሰች ነው። እጄን ሳበችና ነከሰችኝ። በስተርጅና፣ እውነት ነክሳኛለች፤ ጥርሷ አለ ለካ። ልጅ ሆነን ስሰርቅ እንዲያ ነበር የምታደርገኝ።

ሁለት መቶውን ነገርኋት፣ ተደብቆ ማንሳት እንደሚቻል። ትወደዋለች፣ አምጣው ትላለች ብዬ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «አንዴ ሳታነሳት አነሳሁሽ አልሃት። አሁን ደግሞ አንስተህ አላነሳሁሽም ልትላት ነው? እንዲህ ያለውን አላይም። ቀርበህ ንገራት። እሺ ካለች አምጣልኝ። እምቢ ካለች...»

አልጨረሰችውም። ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች። ስወጣ ጠራችኝ፦ «ይርጋ! እምቢ ካለች አንተው ደኅና አድርገህ እያት። ሽበት አላት ወይ? አባታችንን መስላ ይሆን እናታችንን? ይዘኸው ና።»

ሚያዝያ 3። ጧት 12 ሰዓት ተኩል

ሃምሳው ገብቷል። ሁለት መቶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት፣ ቁልፉን ጎረቤት ሰጠሁ። ሐሳቤ ቢለወጥ መንገድ ላይ እንዳልመለስ። በሶውም ገብቷል። ስድስት ኪሎ ተኩል።

እማሆይ ፊት ሁለት እርምጃ ቀርቤ እቆማለሁ። ክዳኑን ሳልከፍት እነግራቸዋለሁ። ፊልም አልነበረም እላለሁ። ከዚያ እጠይቃለሁ። እሺ ካሉ አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ። እምቢ ካሉ ክዳኑ እንደተከደነ ይመለሳል፤ ዓይኔን ከፍቼ አይቻቸው፣ ለእትዬ በአፌ እነግራለሁ። በሕይወት ትቆየኝ እንጂ። ተወሰነ። 11 ሰዓትም ቢመጣ አይለወጥም።

ጥሩዬ ከአዘዞ መጥታ በር ላይ ናት፣ ማኪና ይዛ። ቆይ አልኋት።

አባ ሌላም ካለ ጻፈው ብለዋል። ጻፍሁ። ሽማግሌ አልልክም፣ የበደሌን ዕዳ ልጄም አትከፍልልኝም፣ ራሴ ነኝ። አንደኛ፣ እማሆይ። ሁለተኛ፣ ጥሩዬ፣ ስለዚያ ቀን ጩኸት። አውሮፕላን ማረፊያው ሳንደርስ፣ መንገድ ላይ እላታለሁ፣ ፊት ለፊት ሳትሆን ይቀለኛል። ሦስተኛ፣ ባዶውን ጠቅ ያደረግሁባቸው ሁሉ። ስማቸውን አላውቅም። ፊታቸው ግን አለ፣ ሁሉም፣ እንደ ታጠበ ፎቶ። የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ። ሁለት መንትያ ሴቶች፣ አንዷ ያኮረፈች። የጠዳ ገበያ በግ ሻጭ፣ ከነበጌ አንሳኝ ያለ። አንድ ወታደር፣ ሊዘምት ሲል፣ ፀጉሩን በምራቁ አስተኝቶ ቀጥ ብሎ የቆመልኝ። ለእናቴ አድርስልኝ ብሎ ስሟንም አገሯንም ነግሮኛል። ስሟ ጠፋኝ። አገሯ ከዳባት ወዲያ ነው። ስመለስ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ቤቷ ከቤ/ክ በታች፣ ወንዙን ተሻግሮ... ጥሩዬ ጠራችኝ፣ የቀረውን ስመለስ።