ሚርላንድ የጠየቀችኝ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬስ አንገሸገሸኝ። ኮሌጅ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው የሄይቲ ልጆች ድርሰታቸውን ከመጻፋቸው በፊት በአገራቸው ቋንቋ፣ በክሪዮል፣ ይከራከሩበታል፤ እኔው ነኝ የፈቀድኩላቸው። የዛሬው ጥያቄ «ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ መሆን አለበት ወይ?» ነበር። ሁልጊዜ ዝም የምትለው ሚርላንድ እጇን እያወናጨፈች ሁሉንም ረታች። አሁን ትጽፈዋለች ስል፣ ባልደረባዬ ጋሽ ታደሰ በሩን በርግደው «ኢንግሊሽ ኦንሊ!» ብለው ጮኹ። ሚርላንድ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «አንቺ ደግሞ መርካቶ አደረግሽው እኮ!» ብለው ሳቁ። እኔ ከንቱም «ይቅርታ ጋሼ» አልኩ፣ በአማርኛ።

ሚርላንድ ባዶ ወረቀቷን ስታስረክበኝ፣ «ሚስ፣ ሰውዬው ያናገሩዎት በኢንግሊሽ ነው?» አለችኝ።

ወረቀቷን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሐሙስ ለክፍል ትመጣ ይሆን? ብትመጣስ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?