ከስብሰባው በኋላ የተነገረ መርዶ

ሰኞ

የዕቅዱ «ማብቂያ» የሚለው ክፍል አልጻፍ ብሎኛል። ሌላው አልቋል፤ ውጥን፣ ንድፍ፣ ሙከራ፣ ምርት፣ ሽያጭ፣ ጥገና። ዴንግ የምንሠራው ዕቃ ሁሉ ከመወጠኑ እስከ መቆሙ ዕቅድ ይኑረው ብሎ ሥራውን እኔ ላይ ጥሎታል። አለቃዬ ነው። የዚሁ የጁባ ልጅ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ስላደገ በአማርኛ ተረት እኔን ያስከነዳል።

የመጀመሪያው ተረኛ ሰማያዊው የውሃ ማጣሪያ ነው። ውስጡ ያለው ሸክላ ዋጋው ናረ፣ ገዢዎቻችንም አዲሱን ሞዴል ወደዱ፣ ስለዚህ ሰማያዊው ይቆማል። ጋሽ ደበሽ ግን እስካሁን አልተነገራቸውም። ማጣሪያውን የፈለሰፉት እሳቸው ናቸው። ፋብሪካው ሸሪካት ሰፈር ውስጥ አንድ መጋዘን ብቻ በነበረ ጊዜ የመጀመሪያውን ባልዲ በእጃቸው ነው የበሱት። እኔም ከአገር የመጣሁ ሰሞን የት እንደሚበላና ከማን ጋር ክርክር እንደማያዋጣ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ለእኝህ ሰው «ማጣሪያዎ ሊቆም ነው» እንዴት ይባላል?

ይህን ሳሰላስል ስልክ ተደወለ። ከደብረ ብርሃን ነው። የጋሽ ደበሽ የእህት ልጅ ብርቱካን ናት፤ ቁጥሬን ለክፉ ቀን ብለው ሰጥተዋት ነበር። እናቷ እትዬ ዘውዴ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው።

«አጎቴ ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙ» አለችኝ። «የአገር ሰው ተሰብስቦ ያርዳቸው። አደራ።»

እትዬ ዘውዴ ለጋሽ ደበሽ እህት ብቻ አልነበሩም። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞቱ፣ አዝለው ያሳደጓቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው። «እታለም» ነው የሚሏቸው። እሑድ እሑድ ሲደውሉላቸው ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ይሆናል።

መጋዘኑ ስገባ ክዳን ይገጥማሉ። «ምነው ፊትሽ?» አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አማራት ሰፈር ሄድኩ፣ እትዬ ሮማን ምግብ ቤት። የእድራችን ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው፤ ልቅሶ ሲኖር እሳቸው ሳያዙ የሚሆን ነገር የለም። ሽንኩርት እያስከተፉ ሰሙኝና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቁጭ አሉ።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ሄደን እናረዳዋለን። ነገውኑ አውሮፕላን ይሳፈራል። ቀብሩ ቢያመልጠውም ሣልስቱ ሐሙስ ነው፤ ለእሱ ይደርሳል» አሉ።

እፎይ ብዬ ወጣሁ። ያ እፎይታ እስከ ቢሮ በር ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

ዴንግ ጉዳዩን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ማሌሽ፣ ማሌሽ» አለ ደጋግሞ በዓረብኛው፣ አይዞን እንደ ማለት። ከልቡ አዝኗል፣ እሱን አልክድም። ከዚያ ግን፣ «ብዙዬ፣ ገዢዎቹ የሚመጡት ሐሙስ ነው። ስለ ማጣሪያው የሚጠይቁትን ከጋሽ ደበሽ በቀር ማን ይመልስላቸዋል? ዕቅዱን ካልተቀበሉ አዲሱንም አይገዙንም፣ መጋዘኑም ይዘጋል። ዓርብ ይሁን።»

ተከራከርኩት? ትንሽ። ከዚያ እትዬ ሮማን ጋ ደውዬ ለዓርብ ይተላለፍ አልኩ።

«ሣልስቱስ?» አሉኝ። ሥራ እኮ ነው እትዬ፣ አልኩ። «እንግዲህ አደራውን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ» ብለው ዘጉት።

ምክንያቶቼን ልጻፋቸው። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ መቼም አይደርሱም። ትኬት ላይገኝ ይችላል። መጋዘኑ ከተዘጋ የብዙ ሰው እንጀራ ይቆማል። ጽፌ ሳነባቸው ደህና ይመስላሉ፤ ትኬት መኖር አለመኖሩን ግን አልጠየቅኩም።

ረቡዕ

እኛ ሐበሾች ማዘን እንጂ መደበቅ አይሆንልንም። ወሬው ስለደረሰው ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ጋሽ ደበሽን ሊንከባከብ ተነሣ። አንዱ ምሳ አመጣላቸው፣ ሌላው ከማራገቢያው ሥር ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው። ዘወትር በቁልፍ ምክንያት የሚጣላቸው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ ትከሻቸውን ስሞ ነው ሰላም ያላቸው። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ያዩናል።

ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን ደውለው አልተነሣላቸውም። «ይሄ ኔትወርክ ዛሬም ጠፋ» አሉኝ። እኔም፣ የኔም ከጠዋት ጀምሮ እንቢ ብሏል አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ቀልጠፍ ብዬ የምዋሽ አይመስለኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉት።

«ልጄ፣ ምን ያሽኮረምማችኋል? ለቀባሪው ልታረዱት ነው እንዴ?»

«ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ካወቅሁ ሰነበትኩ። ሸክላ መታዘዙ ሲቀር የማይገባኝ መሰለሽ? ማጣሪያዬን ልታቆሙት ነው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ታዲያ ለዚህ ነው ምሳ የምታበሉኝ? ዕቃ እኮ ነው። ሠራነው፣ አገለገለ፣ አረጀ። አንቺ ደግሞ ከሳሽበት።»

እኔን ነው ያጽናኑኝ። ከዚያም ወረቀቱን ከፊቴ ስበው መነጽራቸውን አደረጉና «ማብቂያ» የሚለውን ባዶ ክፍል አዩት።

«ጻፊ» አሉኝ። «እኛ መሥራት ስላቆምን በየሰው ቤት ያለው ማጣሪያ ሥራ አያቆምም። ሸክላው ነገ ይሰነጠቃል። መለወጫ ይቀመጥ። ለእታለምም ለይታችሁ አስቀምጡልኝ። ከእሱ ሌላ ውሃ አትጠጣም። ወንድሜ የሠራው ነው እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታጠጣለች።»

«መለወጫ ይቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ ከጄኔሬተሩ ኋላ አለቀስኩ፤ እዚያ ድምፅ አይሰማም። ስመለስ መናገር እችል ነበር። በሩ ዝግ ነው፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ብቻቸውን እንዳይሰሙ ተብሏል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሐሙስ

ጋሽ ደበሽ ዛሬ ከረባት አስረው መጡ። አስረው አይቻቸው አላውቅም። «ለማጣሪያዬ ቀብር ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ።

ገዢዎቹ ስለ ሸክላው፣ ስለ ጥገናው፣ ስለ አዲሱ ሞዴል ጠየቁ፤ ጋሽ ደበሽ ሁሉንም መለሱላቸው። ማጣሪያው መቆሙ ለተጠቃሚው መቼ ይነገር የሚለው ላይ ስንደርስ፣ ዴንግ መጋዘን ውስጥ ያለው ተሸጦ እስኪያልቅ ዝም ብንል ይሻላል አለ። ጋሽ ደበሽ አቋረጡት።

«ቀድሞ መንገር ነው» አሉ። «ያወቀ ሰው ይዘጋጃል። ደብቀን ቆይተን ብንነግረው የሚያዝነው በዕቃው አይደለም፣ በእኛ ነው።»

እንግዶቹ ልክ ነው አሉ። ዴንግ የውሃ ብርጭቆውን ያይ ነበር። እኔ ጠረጴዛውን። ዕቅዱን ተቀበሉት፣ አዲሱንም ሊገዙን ተስማሙ። ጋሽ ደበሽ በደስታ እጄን ይዘው «አየሽ? አላሳፈርኩሽም» አሉኝ።

በዚያው ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ሣልስቱ ይውል ነበር።

ዓርብ

ጎሕ ሲቀድ አትላባራ ሰፈር፣ ጋሽ ደበሽ ቤት። እትዬ ሮማን፣ ዴንግ፣ የእድሩ ሰዎች፣ እኔ። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል።

ጋሽ ደበሽ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከፈቱ። አንድ በአንድ አዩን። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፣ የሚጠየቅ አልነበረም። እትዬ ሮማን ክንዳቸውን ይዘው «ደበሽ፣ እግዜር ያጽናህ፤ ዘውዴ አርፋለች» ከማለታቸው «እታለም!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። ወንዶቹ ያዟቸው። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለመግባት ድፍረት አጣሁ።

ሲረጋጉ ውሃ ሰጧቸው። አልጠጡም።

«መቼ ነው?» አሉ።

እኔን አዩ። «ሰኞ» አልኩ።

«ትላንት ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከረባት አስሬ ስመጣ?»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዴንግ ተንበርክኮ ያዘገየሁት እኔ ነኝ አላቸው፤ ቀና ብለው አላዩትም። ከሰዓት በኋላ ተሳፈሩ። ትኬት እንደ ልብ ነበር።

ቅዳሜ

ዕቅዱን ጨረስኩት። ማብቂያው ላይ፣ ምርቱ የሚቆምበት ቀን ለተጠቃሚው ሁሉ አስቀድሞ ይነገራል ብዬ ጻፍኩ። ዴንግ አንብቦ ሳይነካው ፈረመ። ከዚያ ወደየቤታችን ሄድን። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

እሑድ

ጋሽ ደበሽ ደወሉ። ስማቸውን ስክሪኑ ላይ ሳይ ላነሣው አልፈለግኩም። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቢሰድቡኝ ይሻላል ብዬ አነሣሁት።

«ደርሻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል።

«እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው። እሳቸው ቀጠሉ።

«ስገባ አብረውኝ አለቀሱ፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ድንኳኑ ተነቅሏል። ጎረቤቱ ወደ ሥራው ተመልሷል። ብርቱካንም እንባዋ ደርቆ ጉሮሮዋ ተዘግቷል፣ እንቅልፍ ጥሏታል። እነሱ ጨርሰዋል፣ ልጄ። እኔ ገና መጀመሬ ነው።»

ከኋላቸው ዕቃ የሚያጥብ ሰው ይሰማል።

«እንግዲህ አንቺ አብረሽኝ አልቅሺ» አሉኝ። «ሌላ ሰው የለኝም።»

አለቀስኩ። ሳልደብቅ፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳልል ጮኼ አለቀስኩ። እሳቸውም «እታለም፣ እታለሜ» እያሉ አለቀሱ፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ።

መልሼ ብደውል አልገባ አለ። ይቅር ይበሉኝ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ዳግም ከደወሉ ወዲያው አነሣዋለሁ።