የወፍጮ ቤቱ መስመርና የቀበሌያችን ማጉያ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአቶ ቀለሙ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፤ ኅዳር 1999 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጆሮዎ ጤና ዱዓ አደርጋለሁ፤ የእኛ ጆሮ የድምፅ ማጉያው ከተተከለልን ወዲህ ደኅና አይደለም። ቅሬውን፣ የቀብር እድራችንን ማለቴ ነው፣ በጥሩንባ የሚጠራውን ጋሽ በሺርን አሰናብተው፣ ጥሩንባ የነፋ ይቀጣል ብለው፣ መርዶ በዘመናዊ መንገድ እንድንሰማ ስላደረጉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልካም አስተዳደር አቤቱታ ይሰማል ስላሉን ግን ጥቂት ልድፈር።

1ኛ. የማይክራፎኑ ሽቦ ለሰፈሩ ውበት ሲባል ከወፍጮ ቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጠምጥሞ ታስሯል። ሁለቱ ተራርቀው ይዘርጉ የሚለው እኔ ሳልሆን ማጉያው የመጣበት ካርቶን ላይ ያለው ሥዕል ነው። ወፍጮው ሲነሳ ማጉያው ያጓራል እንጂ አይናገርም፤ ማን እንደሞተ ቀርቶ ሰው መሞቱም አይለይም። ልፍታው ብል የመንግሥት ንብረት እንዳትነካ ተብያለሁ።

2ኛ. አባቴ ዘይኑልአቢዲን ያረፈው ሰኞ ረፋድ፣ ገበያተኛው እህሉን በሚያስፈጭበት ሰዓት ነው። ጸሐፊዎ መርዶውን ደጋግሞ ነገረልን፤ የሰማ ግን አልነበረም። የእኛ ጀናዛ አያድርምና፣ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት በር በሩን ስናይ ቆይተን፣ እኔ፣ ወንድሜ ካሊድና ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመነው ወጣን። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ቃሬዛ ሲሸከም የኖረ ሰው ነበር። ማታ ወፍጮው ሲቆም የስብሰባ ጥሪዎ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

3ኛ. ቢሮዎ ስመጣ፣ መርዶ ወፍጮው እስኪቆም ይቆይ የሚል ብልህ ምክር ለገሱኝ። ክቡር ሆይ፣ አሁን እናቴ ሐዋ አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷት ብለውናል። ወፍጮው በተነሳ ቁጥር እጇን ይዤ፣ ያ አላህ፣ አሁን አይሁን እላለሁ። ልጅ ለእናቱ መዳንን መለመን ትቶ ወፍጮ ቆሞ እንድትሞት ይለምናል? ጨንቆኛል። እባክዎ ሽቦውን ያለያዩልን፤ መሰላሉን እኔ አመጣለሁ።

ሁለት ሽቦ ለማራራቅ ስብሰባ የሚያስፈልግ ከሆነም ቀድሞ ከሚገኙት አንዱ መሆኔን እያረጋገጥሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ
ሸረፈዲን ዘይኑልአቢዲን

ማስታወሻ፦ ቀኑን አላህ ያርቀውና፣ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ወፍጮውን እኛው እናስቆምልዎታለን። አባት ለአራት ሰው ትከሻ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ፣ ለእርስዎ ልጆች እንኳ አልመኘውም።